ሰባ በመቶ

አምስተኛ ፎቅ ነው፣ ቸርችል ጎዳና፤
ሊፍቱ ከጥቅምት ጀምሮ አልተነሣምና
በእግሬ ነው የወጣሁ። ትንፋሼን ሰብስቤ
ሐይቁን ዘረጋሁት ከቱቦው ውስጥ ስቤ።

ላንጋኖ በወረቀት፣ አንድ ለሁለት መቶ፣
ውሃው በሰማያዊ እርሳስ ተቀብቶ፤
ከዳር ወደ መሐል የእንጨት መተላለፊያ፣
ግራና ቀኙ ላይ የጀልባ ማሰሪያ።
ቆጠርኩ፤ ሃያ አራት። ደገምኩ፤ ሃያ አራት።
ለእያንዳንዱ ሶኬት፣ ክዳን ያለበት፣
ሠላሳ ሁለት አምፔር።
ከታች ወያላው ይጣራል፣ "ለገሃር! ለገሃር!"

እኔ ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም።
ውሃ ስል የማውቀው የጊዮን ሆቴልን ገንዳ ነው፤
እሱንም ከዳር።

ሃያ አራት በሠላሳ ሁለት፣ ሰባት መቶ ስድሳ ስምንት፤
ለሦስት ፌዝ ሳካፍለው ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት።
"ይሄ ሁሉ ለምኑ?" አለ ኢንጂነር ውብአንተ
መነጽሩን ወደ ግንባሩ እየጎተተ።
"ሁሉ በአንድ ጊዜ አይጠማም፣ ትርሲት፤ ሠንጠረዡን ግለጪ፤
ከአሥራ አምስት እስከ ሠላሳ፣ ሰባ በመቶ አድርጊና ውጪ።"

ሰባ በመቶ።
ማን ነው ይሄን የቆጠረው? የትኛው ዳር ላይ ተቀምጦ፣
ስንቱ መብራት እንዳጠፋ፣ ስንቱ እንደተኛ አድምጦ?
ሠንጠረዡ እኛን አያውቅም። የኛ ሕንፃ፣ ከጊዮርጊስ ጀርባ፣
የፋሲካ ዋዜማ፣ ሁሉም ምድጃውን ሰክቶ፣ ጨለማው ገና ሳይገባ
ትራንስፎርመሩ ዷ! አለ።
ጎረቤት ከጎረቤት፣ ሰላምታ የተቋረጠው ሳይቀር፣
ያልበሰለ ድስት ታቅፎ ደረጃ ላይ ተገናኘ።
የዚያን ሌሊት መቶ በመቶ ነበርን።

ጀልባ ግን አይጾምም፤ ፋሲካም የለው።
መቶ ሰባ ዘጠኝ ከነጥብ ሁለት።
የነዳጅ ፓምፑን፣ የዳሩን መብራት፣ የወጥ ቤቱን ማቀዝቀዣ ደመርኩበት፤
ሁለት መቶ ኬቪኤ ትራንስፎርመር ጻፍኩበት፤
ለመጨረሻው ምሰሶ፣ ለመቶ ሰማንያ ሜትር ርቀት፣
ቮልቴጁ መንገድ ላይ እንዳይደክም ገመዱን አወፈርኩለት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ።
ማንም ቀና አላለም።
ካልኩሌተሬ የፀሐይ ነው፤ ወደ መስኮቱ ወሰድኩት።

ጥበቃው አቶ ቱፋ ባትሪ ይዞ መጣ፣
ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም ሊለኝ፤
ሥዕሉን አየና ያመጣው ወሬ ጠፋው።
"ይሄ የኛ ሐይቅ ነው፤ ዳሩ ላይ ነው ያደግኩት።
ውሃው ግን ሰማያዊ አይደለም፣ ልጄ፤ ማን ነው እንዲህ ያለሽ?
ወተት የነካው ሻይ ነው መልኩ፤ እጅሽን ብትነክሪ ጣትሽ አይታይሽ።"
ባትሪውን አስጠግቶ ጣቱን
ማሰሪያ አሥራ ዘጠኝ ላይ አሳረፈ፤
"እንጨት ካቆማችሁማ ልጆቹ ከዚህ ነው የሚዘሉት፤
ማታ ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል።"

ባለሀብቱ በቀይ የሰረዘውን መስመር አየሁ፤
ሃያ አራት ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር፤ ከጎኑ፣ "ውድ ነው። ይቅር።"
እኔም ጠዋት ይቅር ብዬ ነበር።

ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ያፈተለከ ኮረንቲ ሲያገኘው አይጮኽም፤
እጁ ብቻ መቅዘፍ ይረሳል።
ለዚያ መቶ ሰባ ዘጠኝ አያስፈልግም፤
ሠላሳ ሺኛ፣ የአምፔር ቅንጣት፣ ይበቃል።
ጣት በማይታይበት ውሃ ውስጥ
ማን ያየዋል?

በአቶ ቱፋ ባትሪ ብርሃን ሃያ አራቱንም በእርሳስ መለስኩ።
ዋጋው ዘለለ፤ ኢንጂነር ውብአንተ ነገ ይቆጣል፣
"ሁሉም በአንድ ጊዜ አያፈስም፣ ትርሲት" ይለኛል።
ለሚዘሉት ሠንጠረዡን ገለጥኩ።
ዓምድ የላቸውም።

ከዚያ መብራት መጣ። ከታች፣ "ለገሃር! አንድ ሰው!"
ሊፍቱ ድንገት ነቃና ጢን አለ፤
በሩን ከፈተ፤ ዘጋ፤
የትም አልሄደም።